"መብራት ሲጠፋስ?" ስማርት ቤትና ሕንፃ ለሚመርጡ የንጽጽር መመሪያ

የሽያጭ ሠራተኛዋ ስልኳን ነካ ስታደርገው የሳሎኑ መጋረጃ ቀስ እያለ ተከፈተ። ደግማ ስትነካው የጣሪያው መብራት ከነጭ ወደ ብርቱካናማ ተለወጠ። አፓርታማውን እንዲያዩልኝ ይዣቸው የሄድኩት የባለቤቴ አጎት ግን ዓይናቸው ከግድግዳው አልተነሳም። "የእኔ ልጅ፣ መብራት ሲጠፋስ ይህ መጋረጃ በምን ይከፈታል?" አሏት። "ጄኔሬተር አለን አባቴ።" "ጄኔሬተሩ ቤት ድረስ ይገባል?" ልጅቷ ፈገግታዋን ሳትቀንስ ስልክ ደወለች። መልሱ ጄኔሬተሩ ለሊፍት፣ ለኮሪደር መብራትና ለውሃ ፓምፕ ብቻ ነው የሚል ሆነ። አጎታችን መጋረጃውን በእጃቸው ሊስቡት ሞከሩ። ሞተሩ ይዞታል፣ እምቢ አለ።

አፓርታማውን አልገዛንም፤ በዋጋው ምክንያት እንጂ በመጋረጃው አይደለም። ጥያቄያቸው ግን አብሮኝ ቀረ። የምኖርበት ሕንፃ የነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ ስለሆንኩ በየስብሰባው አንድ ሰው ተነስቶ "ይህንስ ለምን አናስገባም?" ማለቱ የተለመደ ነው፤ አንድ ጊዜ ካሜራ፣ ሌላ ጊዜ የካርድ በር፣ ሌላ ጊዜ በስልክ የሚበራ አምፖል። የአጎታችንን ጥያቄ ለሁሉም አቀርባለሁ። መብራትና ኔትወርክ ሲቋረጥ ወደ ተራ ዕቃነት የሚመለስ ከሆነ ይገዛል። ተቋርጦ ቤቱን ይዞ የሚቆም ከሆነ ግን በነፃ ቢሰጥም ይታሰብበት እላለሁ።

አራት መንገዶች

ገበያው ላይ ስማርት የሚባለው ዕቃ ዓይነቱ ብዙ ቢመስልም መንገዱ አራት ነው።

የመጀመሪያው ስማርት ተብሎ እንኳ የማይሸጠው ነው። ሰዓት የሚሞላለት ታይመር፣ ሰው ሲያልፍ የሚበራ የደረጃ መብራት፣ ታንከሩ ሲሞላ ፓምፑን የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያ። ኢንተርኔት አያውቅም፣ የይለፍ ቃል የለውም፣ ሲበላሽ የሰፈር ኤሌክትሪሺያን ይለውጠዋል። ለጉራ አይመችም፤ እንግዳ ሲመጣ የሚታይ ነገር የለውም።

ሁለተኛው እያንዳንዱን ዕቃ ለየብቻ ገዝቶ ከቤት ዋይፋይ ጋር ማገናኘት ነው። በአዲስ አበባ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች በብዛት የምናገኘው ይህን ነው። አብዛኛው ከቻይና የሚመጣ ሲሆን፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ስም ቢለያይም ውስጡ ቱያ በተባለው የቻይና ኩባንያ መድረክ የሚሠራው ብዙ ነው። ዋጋው ቀለል ይላል፤ ለመግጠምም አያስቸግርም። ጉድለቱ የሚታየው ሲውል ሲያድር ነው። ሶፋ ላይ ሆናችሁ የምትሰጡት ትዕዛዝ አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ተሻግሮ አንድ ሰርቨር (የኩባንያው ኮምፒውተር) ጋ ይደርስና ተመልሶ ከራሳችሁ በላይ ያለውን አምፖል ያበራል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ተቋርጦ ከሁለት ሳምንት በላይ ሲቆይ እንዲህ ያለ ዕቃ የነበራቸው ሰዎች አምፖላቸው የማን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አግኝተዋል።

ኔትወርኩ ሳይቋረጥም ኩባንያው ሊዘጋ ይችላል። ሬቮልቭ የተባለውን የቤት መቆጣጠሪያ አሜሪካውያን በ300 ዶላር ይገዙት ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2014 ኔስት በተባለ ሌላ የስማርት ዕቃ ኩባንያ ተገዛ፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 ሰርቨሩ ተዘጋና ዕቃው ምንም የማይሠራ ሳጥን ሆነ። ኢንስቲዮን የተባለው ሌላ የስማርት ዕቃ አምራችም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ለደንበኞቹ ሳይናገር ሰርቨሩን አጠፋ፤ ኋላ የራሱ ተጠቃሚዎች ገዝተው አስነሱት። ይህ የደረሰው መብራት በማይጠፋበት አገር ነው።

ሦስተኛው መንገድ ቤት ውስጥ የራስ ማዕከል ማስቀመጥ ነው። ትንሽ ሳጥን ወይም አሮጌ ኮምፒውተር ትሆናለች፤ ዕቃዎቹ ከእሷ ጋር ዚግቢ ወይም ዜድ-ዌቭ በሚባሉ ዝቅተኛ ኃይል በሚጠቀሙ የሬዲዮ መንገዶች ይነጋገራሉ። ሆም አሲስታንት የተባለው በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር የሚሠራው በዚህ ዓይነት ነው። ውሳኔው እዚያው ቤት ውስጥ ስለሚያልቅ ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ አምፖሉ ይበራል። የተለያዩ አምራቾች ዕቃዎች ተግባብተው እንዲሠሩ የሚያደርገው ማተር የተባለው ደንብም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ከወጣ ወዲህ ምርጫው እየሰፋ ነው። ችግሩ የሚያውቅ ሰው መፈለጉ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ይህን የሚወድ አንድ ወጣት ከሌለ፣ ወይም ካለና ለትምህርት ከአገር ከወጣ፣ ሳጥኗ ሽፋን ለብሳ ትቀራለች።

አራተኛው ከሕንፃው ጋር አብሮ የሚሠራ ነው። ለመኖሪያ ቤት ሲሆን ብዙ ጊዜ ኬኤንኤክስ የተባለውን የአውሮፓ ደንብ ይከተላል፤ ከመብራቱ መስመር ጎን ቀጭን የመልእክት ገመድ ግድግዳ ውስጥ ይዘረጋል። ለትልቅ የቢሮ ሕንፃ ወይም ለሆቴል ሲሆን የሕንፃ አስተዳደር ሥርዓት ይባላል፤ ሊፍቱን፣ ጄኔሬተሩን፣ ፓምፑን፣ የእሳት ማስጠንቀቂያውን ከአንድ ክፍል ያሳያል። ጠንካራ ነው፣ ውድ ነው፣ ግድግዳው ከተለሰነ በኋላ ማስገባትም አይታሰብም።

የባሕር ማዶ ምክር የማይገጥምበት ቦታ

ስለ ስማርት ሕንፃ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የሚነሳው ከማሞቂያና ከማቀዝቀዣ ነው። በአምስተርዳም ያለው ዘ ኤጅ የተባለው የቢሮ ሕንፃ ከአሥር ዓመት በፊት ብሪያም በተባለው የብሪታንያ የሕንፃዎች ምዘና 98.36 በመቶ አግኝቶ ስሙ በዓለም ሲነሳ ወደ 28,000 የሚጠጉ ሴንሰሮች እንደተገጠሙለት ተነግሮ ነበር። ሰው የሌለበትን ክፍል እያዩ ሙቀትና ብርሃን ይቀንሳሉ። የሆላንድን ክረምት ለሚያሞቅ ሕንፃ ይህ ገንዘብ ነው። ዱባይ ወይም ዶሃ የሚኖሩ ዘመዶቻችን "ስማርት ቴርሞስታት የመብራት ሂሳቤን ቀነሰልኝ" ሲሉም እውነታቸውን ነው፤ ቤታቸው ውስጥ ኃይል የሚበላው ኤሲው ነውና።

አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አብዛኛው ቤት ማሞቂያም ማቀዝቀዣም የለውም፤ ሲበርድ ጋቢ ይደረባል። የሌለ ወጪ አይቀነስም። ድሬዳዋ፣ ሰመራ ወይም ጋምቤላ ለሚገነባ ግን ከላይ የተባለው ሁሉ ይሠራል፤ እዚያ የኤሲ መቆጣጠሪያ ከሁሉ በፊት ይምጣ።

በውሃ ልጀምር

ለአዲስ አበባ ቤት አንድ ስማርት ነገር ብቻ ግዛ ብባል የውሃ መፍሰስ የሚያውቅ ሴንሰርና ቧንቧ የሚዘጋ ሞተር እገዛለሁ። ይህን የምለው ተምሬ ነው፤ የትምህርት ክፍያውን ደግሞ የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ጣሪያ ከፍሏል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። ጠዋት የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፈትኩ፣ ሲያፏጭ ሰማሁ፣ ጠብታ የለም። ሳልዘጋው ቦርሳዬን አንስቼ ለፋሲካ ወደ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ውሃው ሌሊት መጣ። የዕቃ ማጠቢያው መውረጃ ላይ ስፖንጅ ተኝቶበት ስለነበር ገንዳው ሞላ፣ ወለሉ ላይ ፈሰሰ፣ ከዚያ መንገዱን ወደ ታች አገኘ። የበዓሉ ማግስት ሲደወልልኝ የጎረቤቴ ሳሎን ጂፕሰም እንደ እርጥብ እንጀራ ተንጠልጥሎ ነበር። ጂፕሰሙን አሠራሁ፣ ቀለሙን አስቀባሁ፣ ይቅርታውን ከባለቤቴ ጋር ሄደን ቡና ላይ ጠየቅን። ሴትዮዋ ጨዋ ናቸው፤ እስከ ዛሬ ግን ሻንጣ ይዤ ሲያዩኝ "ቧንቧው ተዘግቷል?" ይሉኛል።

ሴንሰሩ የሳንቲም ቁልል ያህላል። ከሥሩ ሁለት የብረት ነጥቦች አሉት፤ ወለሉ ላይ ይቀመጣል። ውሃ ሁለቱን ነጥቦች ሲያገናኛቸው መልእክት ይልካል፤ ዋናው መስመር ላይ ያለው ሞተር ቧንቧውን በሰከንዶች ውስጥ ይዘጋል። ወደ ስልኬም መልእክት ይመጣል፤ ቧንቧው ግን የእኔን ፈቃድ አይጠብቅም። ይህ በሦስተኛው መንገድ፣ በቤት ማዕከል ሲሠራ ነው። በዋይፋይና በባሕር ማዶ ሰርቨር የሚሠራ ከሆነ ኔትወርክ በሌለ ሌሊት ሴንሰሩ ማንም የማይሰማው ጯሂ ይሆናል። ስትገዙ ሁለት ነገር ተመልከቱ። የመዝጊያው ሞተር በእጅ የሚዞር እጀታ ይኑረው፤ ማዕከሉና ሞተሩ ደግሞ ለራውተር በሚሸጠው ዓይነት ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ላይ ይሁኑ። ከገጠማችሁ በኋላ ብሬከሩን አጥፉና በብርጭቆ ውሃ አፍሳችሁ ሞክሩት።

ለሕንፃው የጋራ ታንከር ግን ፍርዴ የተለየ ነው። ፓምፕ የሚቃጠለው የታችኛው ታንከር ባዶ ሆኖ በደረቁ ሲሽከረከር ነው። ይህን ለመከላከል ከታችም ከላይም ተንሳፋፊ ማብሪያ ማድረግ ይበቃል፤ ለኢንተርኔት ምንም ቦታ የለም። በስልክ የውሃውን ከፍታ የሚያሳይ መለኪያ ኮሚቴው ቦቴ መቼ እንደሚያዝዝ ለማወቅ ይጠቅመዋል፤ መለኪያው ይንገር እንጂ ፓምፑን አይዘዝ። እኛ ሕንፃ ላይ እንዲህ አድርገናል። ከዚያ ወዲህ "ውሃ አለ?" የሚለው የጠዋት ስልክ ቆሟል።

መብራትና ሂሳቡ

ሻጮች "የመብራት ወጪ ይቆጥባል" ሲሉ እኔ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣለሁ።

አንድ ተራ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል በቀን 4 ሰዓት ቢበራ በዓመት 13 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ስማርት አምፖል ደግሞ ጠፍቶ እያለም ትዕዛዝ ስለሚጠብቅ ግማሽ ዋት ያህል ይበላል። ግማሽ ዋት ቀንና ሌሊት፣ ዓመቱን ሙሉ፣ ከ4 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው። ስለዚህ ተራውን ኤልኢዲ አውጥቶ ስማርት ያስገባ ሰው በየአምፖሉ አንድ ሦስተኛ የሚሆን ፍጆታ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም፤ መብራት ሳያጠፋ የሚወጣ ቤተሰብ ካልሆነ በስተቀር።

አሁን ቦይለሩን እንይ። 50 ሊትር ውሃ ከ18 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ ወደ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ 1,500 ዋት ቦይለር ይህን ለመጨረስ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል ይወስድበታል። ቀኑን ሙሉ ሳይጠፋ ሲውል ግን የሞቀው ውሃ እየቀዘቀዘ፣ ቦይለሩም እየደጋገመ እያሞቀ በየቀኑ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ በከንቱ ይሄዳል። በዓመት ወደ 365 ኪሎዋት ሰዓት መሆኑ ነው። ቤቱ ውስጥ ያሉት አምፖሎች በሙሉ ተደምረው ይህን አይደርሱም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የመብራት ታሪፉ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ በካርድ ቆጣሪ የሚጠቀም ሰው ልዩነቱን ቶሎ ያየዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ታይመር ነው፤ ከንጋቱ 10 ሰዓት አብርቶ 12 ሰዓት የሚያጠፋ። በስልክ የሚታዘዘው የሚያሸንፈው ሰዓቱ በየቀኑ ለሚለዋወጥበት ሰው ብቻ ነው፤ መካኒካሉ ታይመር ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ ኋላ ስለሚቀር ባትሪ ያለውን ምረጡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሱቅ ላይ የሚሸጡት ብዙዎቹ ስማርት መሰኪያዎች 10 አምፔር ናቸው። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ሲሆን በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። ምጣድ በስማርት መሰኪያ ላይ የሰካ ሰው መጀመሪያ ሽታውን፣ ቀጥሎ ጭሱን ያያል። 2,000 ዋት ቦይለርም 9 አምፔር ስለሚደርስ 16 አምፔር የሚችለውን ግዙለት።

አምፖል ወይስ ማብሪያ ማጥፊያ? ማብሪያ ማጥፊያውን። የእኛ ቤት በአንድ ሰው ስልክ የሚተዳደር አይደለም። አያት አለች፣ ሠራተኛ አለች፣ ከክፍለ ሀገር የመጣ የአክስት ልጅ አለ። ሁሉም እጃቸው የሚሄደው ግድግዳው ላይ ነው። ስማርት አምፖል ግድግዳው ላይ በጠፋ ቅጽበት ከስልኩ ጋር ይቆራረጣል፤ ስማርት ማብሪያ ግን በእጅም በስልክም ይሠራል። ይሁን እንጂ ከመግዛታችሁ በፊት ኤሌክትሪሺያኑ የማብሪያውን ሳጥን ከፍቶ ኒውትራል የሚባለው መላሽ ገመድ መኖሩን ይመልከት። በተለመደው አዘረጋግ ኒውትራሉ ቀጥታ ወደ አምፖሉ ስለሚሄድ ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ገመድ ብቻ ታገኙና "ያለ ኒውትራል የሚሠራ" የሚለውን ዓይነት ለመፈለግ ትገደዳላችሁ።

ሌላው ማንም የማይነግራችሁ ነገር መብራት ሲመጣ የሚሆነው ነው። ብዙዎቹ ስማርት አምፖሎች ከፋብሪካ ሲወጡ ኃይል ባገኙ ጊዜ እንዲበሩ ሆነው ነው። ማታ መብራት ይሄዳል፣ ሁሉም ይተኛል፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይመጣል። በዚያች ሰዓት መላው ቤት፣ የሕፃኑ ክፍል ሳይቀር፣ እንደ ሰርግ ቤት ይበራል። መተግበሪያው ውስጥ "ኃይል ሲመለስ" የሚለውን ቦታ ፈልጋችሁ "በነበረበት" አድርጉት። መብራቱ ሲመለስ አብሮት የሚመጣውን የቮልቴጅ ዝላይ ለመከላከል ደግሞ ለፍሪጅ የምታደርጉትን መከላከያ ለዋናው መስመርም አድርጉለት፤ ስማርት ዕቃ ውስጡ ኮምፒውተር ነው፣ ከተራ ማብሪያ ይልቅ ቶሎ ይሞታል።

በሩ

እዚህ ላይ ወግ አጥባቂ ነኝ። የአሻራና የኮድ ቁልፍ ጥቅሙ አይካድም፦ ልጅ ቁልፍ አይጥልም፣ ሠራተኛ ስትቀየር የቁልፉ ጋን አይለወጥም፣ ኮዱ ብቻ ይለወጣል። ብዙዎቹ በአራት ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ ስለሚሠሩ መብራት ቢጠፋም ግድ የላቸውም። ግን የአማቴን ጣት አያነቡም። ዕድሜ ልካቸውን ሠርተው ያሳደጉን ሴት ናቸው፤ የጣታቸው መስመር ተላልጧል። በሩ ፊት ቆመው አምስት ጊዜ ሞክረው "ይኼስ እኔን አያውቀኝም" ብለው የተቀመጡበትን ቀን አልረሳውም። ኮድ ሰጠናቸው።

የምትገዙት የበር ቁልፍ የብረት ቁልፍ ማስገቢያ ያለው ይሁን፤ ከውጭ በኩል ድንገተኛ ባትሪ የሚነካበት ቦታም ይኑረው። ከውስጥ ሲከፈት ደግሞ ያለ ባትሪ፣ ያለ ኮድ፣ በእጀታ ብቻ መከፈት አለበት። እሳት ሲነሳ ባትሪ የሚቀይር ሰው የለም።

ለሕንፃው ዋና በር የሚገጠመው ማግኔት ነገሩ ሌላ ነው። ማግኔት የሚይዘው ኃይል እስካለ ድረስ ነው፤ መብራት ሲጠፋ በሩ ይከፈታል። ኮሚቴያችን ውስጥ አንድ ሰው "እንግዲያው ሲጠፋ እንዲቆለፍ እናድርገው" ብለው ነበር። አይሆንም፤ ሰው ከሕንፃ መውጣት የሚፈልገው በዚያው በጨለማው ሰዓት ነው። መፍትሔው ለማግኔቱ ጥሩ ባትሪ ማድረግና ጥበቃውን አለማሰናበት ነው። የካርድ በር ያስገቡ ብዙ ሕንፃዎች ለወጪ ቅነሳ የሌሊት ጥበቃውን ያሰናብታሉ፤ ስህተት ነው። ካርድ ሌባን አይጠራጠርም።

ስለ ካርዱም አንድ ነገር። በ125 ኪሎኸርትዝ የሚሠሩት ርካሾቹ ካርዶች በትንሽ መቅጃ መሣሪያ በደቂቃ ይገለበጣሉ። ማይፌር ክላሲክ የተባለው ዓይነትም እ.ኤ.አ. በ2008 የሆላንዱ ራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መቆለፊያውን ፈትተው አሳይተዋል። ሻጩን "ዴስፋየር ነው?" ብላችሁ ጠይቁት፤ ለመገልበጥ የሚያስቸግረው የካርድ ዓይነት ነው። ጥያቄውን ካልተረዳ መልሱን አግኝታችኋል።

በሆቴል ሥራ ላይ ያላችሁ ደግሞ የኦስትሪያውን ዜና አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 እንደተዘገበው በአልፕስ ተራራ ያለ አንድ ሆቴል ኮምፒውተሮቹ በሰርጎ ገቦች ተቆልፈው ለአዲስ እንግዶች የክፍል ካርድ ማዘጋጀት ሳይችል ቀረ፤ 1,500 ዩሮ የሚያወጣ ቢትኮይን ከፍሎ ተገላገለ። ባለቤቱ ከዚያ በኋላ ስለ ተራ ቁልፍ ማሰብ ጀመሩ።

ካሜራ

ባጭሩ። ምስሉን በራሱ ሚሞሪ ካርድ ወይም እዚያው ሕንፃ ውስጥ ባለ መቅረጫ የሚያስቀምጥ ይሁን። በሰከንድ አንድ ሜጋቢት የሚልክ ካሜራ ያለማቋረጥ ወደ ኢንተርኔት ቢጭን በቀን 10.8 ጊጋባይት ይበላል፤ የዚህን ሂሳብ ፓኬጅ የምትገዙ ሁሉ ታውቁታላችሁ። የይለፍ ቃሉን በገጠማችሁበት ቀን ቀይሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም እጅግ ብዙ ካሜራዎችንና መቅረጫዎችን የተቆጣጠረው የፋብሪካውን የይለፍ ቃል እየሞከረ ነበር።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ወንድሜ እዚህ በገዛው ባዶ አፓርታማ ውስጥ ካሜራ አስገጥሞ ነበር። እዚህ ቀን ሲሆን እዚያ ሌሊት ነው። መጋረጃው በነፋስ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ስልኩ እየጮኸ ሲቀሰቅሰው ወር ሳይሞላው አጠፋው። ለባዶ ቤት ከካሜራ ይልቅ የውሃ ሴንሰርና በር ሲከፈት የሚናገር ትንሽ ሴንሰር ይሻላል።

የኮሪደር ካሜራ የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለም። ኮሪደሩ በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ ንብረት ስለሆነ በማኅበሩ ይወሰን። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የነዋሪን አሻራና ምስል የሚሰበስብ ሕንፃ የት እንደሚያስቀምጠውና ማን እንደሚያየው መመለስ መቻል አለበት። የተሰረቀ የይለፍ ቃል ይቀየራል፤ የተሰረቀ አሻራ ግን ምንም አይደረግም። ቤት ውስጥ የምትገጥሙ ከሆነም ለሠራተኛዋ ንገሯት።

ሕንፃ ለሚያስገነቡ

ለትልቅ ሕንፃ አራተኛው መንገድ ያዋጣል፤ ሃያ ፎቅ በዘበኛ ዓይን አይጠበቅም። ቅድሚያ የምሰጠው ግን የሽያጭ ክፍሉ ለሚወዳቸው ነገሮች አይደለም። የምድር ቤት መኪና ማቆሚያ የጭስ ጋዝ ሴንሰር፣ ጋዙ ሲበዛ ብቻ ማራገቢያውን የሚያስነሳ። መብራት ሲቋረጥ ሊፍቱን በራሱ ባትሪ ወደ ቅርቡ ወለል አድርሶ በሩን የሚከፍት መሣሪያ። በየቤቱ የጄኔሬተርና የውሃ ፍጆታ የሚለካ ቆጣሪ፤ ይህ የመጨረሻው በየወሩ የሚነሳውን የኮሚቴ ጭቅጭቅ ግማሹን ያስቀራል። የድምፅ ትዕዛዝና ባለ ቀለም መብራት ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ ባይመጣም ቅር አይለኝም።

አደጋው ያለው ርክክቡ ላይ ነው። የማውቀው አንድ ሕንፃ በኬኤንኤክስ ሙሉ በሙሉ ተሠርቶ ተመረቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ የአንድ ወለል መብራት በሌላው ወለል ማብሪያ መብራት ጀመረ። ገጣሚው ድርጅት ሥራ አቁሟል። ባለሙያ ቢመጣም የመጀመሪያው የፕሮግራም ፋይል ስለሌለ የትኛው መሣሪያ ከየትኛው ጋር እንደተያያዘ ለማወቅ ጣሪያ እየከፈተ አንድ በአንድ መቁጠር ነበረበት። ፋይሉ በአንድ ፍላሽ ላይ የምትያዝ ነገር ነበረች።

ስለዚህ የመጨረሻው ክፍያ ከመለቀቁ በፊት አራት ነገር ተረከቡ፦ የፕሮግራሙ ፋይል፣ የዋናው አስተዳዳሪ የይለፍ ቃል፣ በተሠራው ልክ የታረመ የገመድ ንድፍ፣ ከየዓይነቱ ቢያንስ ሁለት መለዋወጫ። መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ ነው የሚመጣው፤ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ መወሰን ከጀመረ ወዲህ "ሲበላሽ እናስመጣለን" የሚል ሰው ምን እንደሚያወራ አያውቅም። ባክኔት ወይም ሞድባስ የመሰሉ ክፍት ቋንቋዎችን የሚናገር መሣሪያም በውሉ ይጻፍ፤ ነገ ሌላ ድርጅት እንዲረከበው። የሕንፃው ሥርዓት ከቢሮዎቹ ኔትወርክ ይለይ። ታርጌት የተባለው የአሜሪካ የችርቻሮ ሱቆች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 የ40 ሚሊዮን የክፍያ ካርዶች መረጃ የተዘረፈበት ሰርጎ ገቦቹ የማቀዝቀዣ ሥራ ተቋራጩን መግቢያ ስለተጠቀሙ ነው።

ለማን የትኛው?

የራሱ ቤት ያለውና ግንባታው ያላለቀ ሰው ገመዱን አሁን ያዘርጋ፤ በየማብሪያው ሳጥን ኒውትራል ይግባ፣ በየክፍሉ ባዶ ቱቦ ይቀበር። ዕቃውን ከዓመት በኋላም ይገዛዋል። በኮንዶሚኒየም የሚኖር ቤተሰብ በታይመርና በውሃ ሴንሰር ይጀምር፤ ደስ ካለው ማዕከሉን ይጨምር። ስማርት የተባለ አፓርታማ የሚገዛ ሰው ብሬከሩን አጥፍቶ ቤቱን በእጁ ይሞክረው፤ ወርሃዊ የአገልግሎት ክፍያው ውስጥ የሥርዓቱ ጥገና መኖር አለመኖሩንም ይጠይቅ።

ተከራይ ከሆናችሁ ነቅላችሁ የምትሄዱትን ብቻ ግዙ፤ ተሰኪ ታይመር፣ በባትሪ የሚሠራ ሴንሰር፣ የራውተር ዩፒኤስ። ማብሪያ ከቀየራችሁ የነቀላችሁትን አሮጌውን ከነብሎኑ በፌስታል ጠቅልላችሁ አስቀምጡት። ስትለቁ አከራያችሁ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።